ከሞተሩ የወጣው ቀይ ክር

ንፋስ መውጫ ላይ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን ትንንሽ ሞተር ነው፤ ከአሮጌ ቴፕ፣ ከፀጉር መቁረጫ፣ በሪሞት ከምትነዳ የልጆች መኪና የሚወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሞተር። ስትፈታው ባለቤቱ ምን ሲያደርግበት እንደከረመ ይነግርሃል። አሸዋ ላይ ነድቶት ይሁን፣ ውሃ አስገብቶበት ይሁን፣ ከአቅሙ በላይ አስጎትቶት ይሁን፣ ሁሉም ውስጡ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ጊዜ ግን እኔ አጣምሜ አንብቤው ሰው በድያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት የገጠር ደብር የሚያስተምሩ ሽማግሌ መምህር ወደ ሱቄ ገቡ። በልጅነታቸው እዚሁ አካባቢ ባለችው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከጋቢያቸው ሥር በሪሞት የምትነዳ ሰማያዊ መኪና አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ይቺ ነገር አልሄድ አለች» አሉኝ።

«የልጅ ልጅዎ ናት፣ የኔታ?»

«የእኔ ናት።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ታዲያ ምን ያደርጉባታል?»

«ሥራ አለኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ሞተሩን ፈታሁት። ጥርሶቹ መሃል ጭቃ ደርቋል። ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ጥቅልል የሚያሻግሩት ሁለቱ ትንንሽ ካርቦኖች አልቀው ብናኝ ሆነዋል። በቤንዚን አጠብኩት፤ ከቴፕ ያወጣሁትን ካርቦን ሞርጄ ገጠምኩለት፤ ጫፉ ላይ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ዞረ። የኔታ መርቀውኝ ሄዱ።

ሐሳቤ ውስጥ የቀረው ግን ሞተሩ አልነበረም። መኪናዋ ፊት ላይ ጫፉ የታጠፈ ረጅም ሚስማር እንደ መንጠቆ በሽቦ ታስሯል። አናቷ ላይ ትንሽ የእጅ ባትሪ በጧፍ ሰም ተጣብቋል። ከኋላዋ ደግሞ ረጅም ሲባጎ ተቋጥሯል። መንጠቆ፣ መብራት፣ ገመድ። ሰው ሊገባበት ከማይችል ቦታ አንድ ነገር ስቦ ለማውጣት ካልሆነ ይሄ ለምን ይሆናል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አሁን ጥቅልሉ ራሱ ተቃጥሏል፤ ሽታው ገና ሳልከፍተው አፍንጫዬን መታኝ። ከባድ ነገር ስትጎትት ነው የከረመችው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ስለነበሩ የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰው ፊት አትክፈታት» አሉኝ። ደንበኞቹ እስኪወጡ መኪናዋን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆሙ። ሽቦውን በአዲስ ጠቀለልኩላቸው፤ እጄ ሥራ ላይ ቢሆንም ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር። ጥፍራቸው ሥር ጭቃ አለ። የቀሚሳቸው ጉልበት አፈር ነው። ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው በዚህ ዕድሜው የት ሲንበረከክ ዋለ?

ጊዜው ደግሞ ሰው ሰውን ክፉኛ የሚጠረጥርበት ጊዜ ነው። ኪስህ አብጦ ከታየ የሚከተልህ ዓይን አይጠፋም። በዚያ ሰሞን ከአንድ ደብር የብራና መጽሐፍ ጠፋ የሚል ወሬ በሚኒባስ ተሳፋሪው ሁሉ አፍ ላይ ነበር። የየኔታ ደብር ጥንታዊ እቃ ቤት እንዳላት፣ የእቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍም በእሳቸው እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁልፍ ያለው ሰው እቃ በበር ይዞ ቢወጣ ይታያል፤ በቀዳዳ ቢስበው ግን ማን ያያል?

ለሦስተኛ ጊዜ ያመጧት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ሞተሩ ደህና ነበር፤ አልዞር ያለው ዘንጉ ላይ ክር ተጠምጥሞበት ነው። በመርፌ እየነቀስኩ አወጣሁት። ቀይ ክር፣ መሃል መሃሉ ላይ ወርቅማ ነገር የሚያብለጨልጭ። ለየኔታ ምንም አላልኩም። መኪናዋን ሰጥቼ ከሸኘኋቸው በኋላ ክሩን መዳፌ ላይ ይዤ አጠገቤ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ገባሁ።

«ይሄ የምን ጨርቅ ክር ነው?»

ወደ ብርሃን አወጣችው። «ግምጃ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግምጃ። ከየት አመጣኸው?»

«እንዲሁ መንገድ ላይ አግኝቼው ነው» አልኳት። እሷም ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዳላመነችኝ ገባኝ።

ሁለት ቀን ክሩን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ዝም ብል ከሌባ ጋር ተባበርኩ፤ ብናገር የማከብራቸውን ሰው አሳልፌ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን፣ በገበያ ዕለት፣ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ሱቄ አጠገብ ሲያልፉ ጠራኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መንጠቆውን፣ መብራቱን፣ ክሩን።

ቄሰ ገበዙ ክሩን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «አንተ ነህ ያልኸኝ አልልም» አሉኝ። ያን ጊዜ ይህን ቃል መስማቴ አሳረፈኝ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሆነውን በኋላ ሰማሁ። የኔታን በካህናቱ ፊት አቁመው ጠየቋቸው። እሳቸውም «ከእቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር የሚያልፈው የድንጋይ ቦይ ተደፍኗል። ክረምቱ ሳይገባ ልከፍተው ነው» አሉ። ቄሰ ገበዙ ሄደው ቦዩን አዩት፤ ደረቅ ነው፤ ድመት እንኳ በጭንቅ የምታልፍበት ጉድጓድ። «ታዲያ ግምጃው?» ተባሉ። «አላውቅም፤ ከዚያው ከውስጥ የወጣ ይሆናል» አሉ። ማንም አላመነም። ቁልፉን ተቀበሏቸው፤ መኪናዋንም ወሰዱባቸው። የኔታ ከዚያ በኋላ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ አሉ።

እቃ ቤቱ ሲቆጠር የጎደለ ነገር አልተገኘም። እኔ ግን ያኔም አላረፍኩም። «ሳይወስዱ ደርሰንባቸው ነው» አልኩ ለራሴ። ሰው ጥርጣሬውን ከያዘ በኋላ ለመልቀቅ እንዴት እንደሚሰስት ያየሁት በራሴ ነው።

ሐምሌ ላይ ለሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቄሰ ገበዙ ደወሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እቃ ቤቱ ውሃ ገባበት። መጻሕፍቱን እያወጣን ነው። መሣሪያህን ይዘህ ቶሎ ድረስ።»

ስደርስ ካህናቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ። መጻሕፍቱ ደጀ ሰላሙ ውስጥ በሰሌን ላይ ተደርድረዋል። ውሃው ከላይ መጥቶ ቦዩ ስላላሳለፈው በግድግዳው ሥር ሰርጎ ነው የገባው። ቦዩን እንዳይቆፍሩት ላዩ ሙሉ መቃብር ነው።

ቄሰ ገበዙ ሰማያዊዋን መኪና ሰጡኝ። ወደየኔታ ጎጆ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ።

«የኔታ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ሆዷን ከአንተ በቀር የከፈተ የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መኪናዋን የሰጠኝ ከተማ ያለ የጥንት ተማሪዬ ነው፤ ልጁ ጠልቷት። ሽማግሌ መጫወቻ ይዞ ቦይ አፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቢታይ ምን ይባላል? አፈርኩ። አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ጠይቄዎት ነበር» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። የጠየቅኋቸው እየሳቅሁ ነበር።

የመኪናዋ ሞተር ለዚያ ሥራ አቅም እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ባትሪው የሞተ የእጅ መሰርሰሪያ ነበር። ሞተሩን ከነጥርሱ አውጥቼ የመኪናዋ ሆድ ውስጥ በሽቦ አሰርኩት፤ ውሃ እንዳያገኘው ዙሪያውን በግሪስ መረግሁት፤ ባትሪም ጨመርኩላት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል የኔታ በቦዩ የታችኛው አፍ ላይ፣ ካህናቱ ሁሉ እያዩ፣ ጭቃው ላይ በደረታቸው ተኙ። ሪሞቱን ልቀበላቸው ስል «መንገዷን እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

መኪናዋ መብራቷን እያበራች ገባች። ድምጿ ራቀ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጆሯቸው ነበር የሚነዷት። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ አቃሰተ።

«ያዘች። ሳቡ!»

ሲባጎውን ሦስት ሆነን ሳብነው። መጀመሪያ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ ፌስታል፣ ከዚያ የበግ ለምድ የሚያህል የአይጥ ጎጆ ወጣ። ጎጆው የተሠራው በቀይ ግምጃ ነው፤ ከዓመታት በፊት አርጅቶ የተጣለ የደብሩ ጃንጥላ ጨርቅ። ቄሰ ገበዙ ከኪሳቸው ያችን ወረቀት አውጥተው ክሩን ከጨርቁ ጋር አስተያዩት። ወዲያው ቦዩ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማና ጥቁር ውሃ መኪናዋን አንከባልሎ እግራችን ሥር ጣላት።

ቁልፉን ለየኔታ በዚያው ምሽት መለሱላቸው። ይቅርታም ተጠየቁ፤ ይቅር አሉ።

ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ መጻሕፍቱን ሊያሰጡ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። አብዛኞቹ ተርፈዋል። አንዱ ግን ከታችኛው መደርደሪያ የነበረ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ከጥቁሩ ጋር ፈስሶ የሁለት ቅጠሉ ጽሑፍ ጠፍቷል። የኔታ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አላሉኝም። ሳይሉኝም አውቀዋለሁ፤ ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ቅጠል ይነበብ ነበር።

«የቅጠሉን ይሄን ፊት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጽፈዋለሁ» አሉኝ። «ጀርባውን ግን አላውቀውም። የኔ ዓይን ደክሟል። እስቲ ወደ ፀሐዩ አድርገህ እየው።»

ለሞተር የምጠቀምበትን አጉሊ መነጽር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቀለሙ የሸሸበትን የብዕር ጭረት እየፈለግሁ አንዲት አንዲት ፊደል ስነግራቸው እሳቸው ይጽፋሉ። እስከ ማታ ሦስት መስመር አወጣን። አራተኛውን ሁለታችንም ማንበብ አልቻልንም።