የእትዬ ፀሐይ ናሙና፦ ከዓለም ባንክ እስከ ዘነበወርቅ

ጉዞው አጭር ነው፤ ሁለት ታክሲና ትንሽ የእግር መንገድ። የተነሳሁት ግን በደንብ ተቆጥቼ ነበር።

ዓለም ባንክ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የላስቲክ ከረጢት እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ የናሙና መያዣ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ፤ አፉ በጣት ተጭኖ የሚዘጋ፣ ሲፈለግ ተከፍቶ ተመልሶ የሚታሸግ። ሁለት ኪስ አለው። የኋላው ብልቃጡን ይይዛል፣ የፊተኛው የበሽተኛውን ወረቀት። ብልቃጡ ቢያፈስ እንኳ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል፤ ወረቀቱንም ተሸካሚውንም አይነካም። ሐሳቡ ይኼ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤቴ የእትዬ ፀሐይ አክታ ከላብራቶሪ ተመለሰ። ወረቀቱ ርሶ ስማቸው አይነበብም ተባለ። እትዬ ፀሐይን ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል፤ ሐኪሙም ቲቢ እንዳይሆን ብሎ ፈርቷል። ልጃቸው የመጀመሪያ ወንድ ልጇን ከወለደች ወር ሆኗታል፤ እሳቸው ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አይጠጉት ተብለው ሕፃኑን አንድ ቀን አላቀፉትም። ከደጃፍ ቆመው ነው የሚያዩት። አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሊነሳ የቀረው አሥር ቀን ብቻ ነው።

ከረጢቴን ደግሞ አውቀዋለሁ። ውኃ ሞልቼ፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ምስማር ላይ ሰቅየዋለሁ። ተቀምጬበታለሁ። ጠብ አላለም። ስለዚህ ጥፋቱ የአድራሹ ነው ብዬ ደመደምኩና እጅ ከፍንጅ ልይዘው ተነሳሁ።

ዓለም ባንክ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

እትዬ ፀሐይ በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄደው ዳግመኛ አክታ ሰጥተው ተመልሰዋል። ማስካቸውን እንዳደረጉ ግቢው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ሮማንዬ፣ ዛሬስ አደራሽን። ሦስተኛ ስጪ ካሉኝ እኔ እንጃ።»

«ዛሬ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ እትዬ። ዓይኔን አልነቅልም።»

«ጋሽ ግርማን ደግሞ እንዳታስቀይሚው። ምላስሽን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ጋሽ ግርማ ናሙና የሚያደርሱት የጤና ጣቢያው ተላላኪ ናቸው፤ ሃምሳን ያለፉ ዝምተኛ ሰው፣ በሐሩርም በዝናብም የኮታቸው ቁልፍ የማይከፈት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰማያዊውን የበረዶ ሳጥን አቅፈው አገኘኋቸው። ውስጡ ነርሷ ያሸገቻቸው ሰባት ከረጢቶች አሉ። አብሬያቸው እንደምሄድ ስነግራቸው «መንገዱ የመንግሥት ነው» ብለው ቀደሙኝ።

ታክሲው ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ሳጥኑን አየና «ፋዘር፣ እሷን ከወንበር ሥር እናርጋት» አላቸው።

«የሰው አደራ ነው። ከጉልበቴ አይወርድም።»

«እንግዲያ የሁለት ሰው ይከፈላላ!»

«እሷ ትከፍላለች» አሉ ጋሽ ግርማ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ። ከፈልኩ።

መንገዱ ለቧንቧ ይሁን ለሌላ ተቆፍሮ እንደገና በአፈር ተሞልቷል፤ የሌሊቱ ዝናብ ደግሞ አቡክቶታል። ታክሲው በዘለለ ቁጥር ጋሽ ግርማ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ከጉልበታቸው ከፍ ያደርጉታል። ጥፋት ፍለጋ አፍጥጬ ባያቸውም አንድም አላገኘሁባቸውም። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አየር ጤና፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

አየር ጤና ስንደርስ ጋራዦቹ ተከፍተዋል፤ ተራ አስከባሪዎቹ ይጮኻሉ። ጋሽ ግርማ ቀጥታ አንዲት ፓስቲ ጠባሽ ጎን ወዳለች አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ። የዘወትር ቦታቸው መሆኗ ያስታውቃል። ጓንት አጠለቁ፤ ሳጥኑን ከፈቱ፤ አንድ ከረጢት አወጡ። ከፊተኛው ኪስ ወረቀቱን መዝዘው ውጪው ላይ አስተካክለው ለጠፉትና ከኮታቸው ኪስ ስቴፕለር አወጡ። ቀጭ!

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ፓስቲ ጠባሿ ዞራ አየችን።

«ወረቀቱን እያያያዝኩ።»

«ከረጢቱን እኮ በሱት! ሳምንቱን ሙሉ ከየት አፈሰሰ እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁት በእርስዎ ስቴፕለር ነው?»

ሌላ ከረጢት አውጥተው ዓይኔ ፊት ያዙት። የእትዬ ፀሐይ ነበር።

«የጤና ጣቢያውን ማህተም አሳዪኝ» አሉ።

ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ማህተሙ አይታይም። የበሽተኛዋ ስምም አይታይም።

«ላብራቶሪ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ማህተምና ስም ካላየች አትቀበልም። እዚያ ጋ ከረጢት መክፈት ደግሞ ክልክል ነው። ስንት ቀን መለሰችኝ መሰለሽ! ማህተሙን የሸፈነው ምንድን ነው? አንብቢው እስቲ።»

አነበብኩት። ኪሱን ከዳር እስከ ዳር፣ በደማቅ ቀይ፦ «ሮማን ላስቲክ ሥራ፤ ጥራት መለያችን»። የሚያትምልኝ ሰው «እህቴ፣ ትንሽ ይነስ» ብሎኝ ነበር። ከሩቅ ይነበብ ያልኩት እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ። አፈርኩ።

«ይቅርታ ጋሽ ግርማ። ግን ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ለነርሷ አስረክበሽ ትሄጃለሽ። ይኼን የሚሸከም ሰው አለ ወይ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ብዬ አላውቅም። ለመከራከርም ጊዜ አልነበረኝም፤ የላብራቶሪው መስኮት በአራት ሰዓት ይዘጋል። «ዛሬ ያለ ስቴፕለር ይገባሉ» አልኳቸውና ማዶ ወዳለ የመዋቢያ ሱቅ ሮጥኩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ጥጥ ገዝቼ ተመለስኩ። ጓንት ሰጡኝ። አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳቸው እያቀበሉኝ እኔ ቀዩን ጽሑፍ ፈተግኩ። እንዳይለቅ ብዬ የተጠቀምኩት ውድ ቀለም ነው፤ የገዛሁበትን ቀን ረገምኩ። የተበሳውን ከረጢት ከቦርሳዬ ባወጣሁት አዲስ ቀየርኩት፤ እሱንም ፈተግኩት። ሰባት ጊዜ ስሜን አጥፍቼ ስጨርስ ጥጡ ሁሉ ቀልቶ ነበር።

ዘነበወርቅ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ትልቁን ሆስፒታል አልፈን በእግር ወደ ውስጥ ገባን። ላብራቶሪው ያለው አንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው። መስኮቷ ላይ ያለችው ወጣት ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አነሳች። የእትዬ ፀሐይ ላይ ስትደርስ ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ።

«ፀሐይ ወልደማርያም ገብሬ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችና መዝገቧ ላይ ጻፈች። «ከቀይ ጽሑፉ ማን ገላገለን?»

«እኔው ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «እንግዲህ አፉንም አስረዝሚልን። ውስጥ ስንከፍተው በጓንት አይያዝም፤ በመቀስ ነው የምንቀደው።»

ተመልሶ እንዲታሸግ ያን ያህል የለፋሁበት ከረጢት አንድ ቀን ተመልሶ ታሽጎ አያውቅም ማለት ነው። ደብተሬን አውጥቼ ሁለቱንም ጻፍኩ፦ የፊቱ ኪስ ጽሑፍ የሌለበት፣ አፉ ጓንት እንዲይዘው ረዘም ያለ። ጋሽ ግርማ ከጎኔ ሆነው ሲያነቡ ቆዩና «ቀጥዪ፣ ለሳጥኑም ማንገቻ ጻፊ» አሉኝ። እሱንም ጻፍኩ።

ወደ ቤት

አየር ጤና ስንመለስ ካፊያ ጀምሯል። ለጋሽ ግርማ ትኩስ ፓስቲ ገዛሁላቸው። ሲለዩኝ ስቴፕለሩን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ውሰጂው፤ ኮቴንም ቀዶብኛል።»

ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። የሚቀጥለውን ከረጢት ስጨርስ ምስማር ላይ ከመስቀሌ በፊት ለጋሽ ግርማ አሳያለሁ። ይኼን ያህል መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይኼንን ነው፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ብጠይቅ ኖሮ በነፃ እማረው ነበር።

ግቢያችን ስደርስ እትዬ ፀሐይ እንደ ልማዳቸው በአራሷ ክፍል ደጃፍ ቆመዋል። ሕፃኑ ውስጥ እናቱ እቅፍ ላይ ነው።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ እትዬ። ውጤቱ ከነገ ወዲያ ይደርሳል።»

«ስሜስ? ተነበበ?»

«ጆሮዬ እየሰማ ተነበበ። እስከ አያትዎ ድረስ።»

ደጃፉን ሳያልፉ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ከማስካቸው ሥር፣ «ሰማህ የኔ ጌታ? ሁለት ቀን ታገሠኝ» አሉት።