ሞጣ ላይ የተኛው ኮምፒውተር

ሰማው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። የቢቸና ልጅ ቢሆንም ሞጣ ላይ ከኸይራት ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ ይጋራል። እሷ ጽሑፍ ትተይባለች፣ እሱ ቪዲዮ ያቀናብራል። ያላቸው ኮምፒውተር ግን አንድ ነው። እሷ የምትሠራው በዊንዶውስ ነው፤ እሱ የደንበኛ ፍላሽ የሚያመጣውን ቫይረስ ስለሚፈራ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ይሠራል። ማሽኑ ሲከፈት የቱን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ዝግ ነው። በሁለቱ መሐል ፎንቱን፣ ፎቶውንና ሁለቱም የሚጠቀሙባቸውን ሶፍትዌሮች የሚያኖሩበት የጋራ ክፍል አለ።

«የኸይራት ወገን ሲበላ የሰማው ይጾማል» ይላል ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሳሊህ።

ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ የጨረሰ ሰው አጥፍቶ ይውጣ። ሞጣ ላይ ግን መብራት ሳይሰናበት ይሄዳል። ኸይራት የመጠባበቂያ ባትሪው መጮህ ሲጀምር ያልጨረሰችው ጽሑፍ እንዳለ እንዲቆያት ማሽኑን ማስተኛት፣ ማለትም የነበረበትን ሁሉ መዝግቦ እንዲዘጋ ማድረግ፣ ለመደች።

አንድ ቀን እንዲሁ አስተኝታው ወጣች። መብራቱ ለአፍታ ሲመለስ ሰማው ከቢቸና ሠርግ ደረሰ። የሙሽራዋን የማናለሽን ሠርግ ከካሜራው ካርድ ለመገልበጥ ሊኑክሱን ቢከፍት፣ ለቪዲዮ የሚበቃ ቦታ ያለበት የጋራ ክፍል አልከፈት አለው። ዊንዶውስ ተኝቷል፣ ሳይነቃ ቢጻፍበት ጉዳት ይደርሳል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ሰማው በጉልበት የሚያስከፍተውን ትእዛዝ ያውቅ ነበር። ከፈተው፣ ገለበጠው፣ ለሚቀጥለው ሠርግ ካርዱን አጸዳው። ወዲያው መብራቱ ሄደና ቀረ።

ቢቸና ሲመለስ ማናለሽን ጥቁር ለብሳ አገኛት። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በድንገት ዐርፈው ነበር።

«ወንድሜ፣ ጭፈራው ይቅርብኝ» አለችው። «የእማዬን ምርቃት ብቻ ስጠኝ።»

«አለ እኮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው» አላት። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ማስጠንቀቂያው ትዝ አለው። የተኛው ዊንዶውስ ስለ ምርቃቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሲነቃ ቪዲዮው ያረፈበትን ቦታ የሚያስታውሰው እንደ ድሮው ባዶ አድርጎ ነው፤ ባዶ ባለው ቦታ ላይ ደግሞ ይጽፋል።

ኸይራት ጋ ደወለ። ስልኳ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይጠፋል፤ ሰማው ወደ ሞጣ ተሳፍሮ በመንገዱ ሁሉ ያ ጨለማ እንዲቆይ ተመኘ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ስልኩ ጠራ።

«አንተ ሰው፣ መብራት መጣ! ደስ አይልህም?»

ሰማው ጮኸ። «ኸይራት፣ ማሽኑን እንዳትከፍቺው!»

«ምን ሆነሃል? ከከፈትኩት ቆየሁ። ጽሑፌ ወላሂ ካቆምኩበት ነው የጠበቀኝ።»

«የጋራ ክፍሉን እዪልኝ። ማናለሽ የሚል ፎልደር አለ?»

መፈለግ ጀመረች። ከኋላዋ የሳሊህ ስፌት መኪና ሲሰፋ ይሰማል።

«የለም» አለች ቀስ ብላ። «ሰማው፣ ምን ነበረበት?»

«እየጻፈበት ነው፣ የማሽኑን ሶኬት ንቀዪው! አሁኑኑ!»

ነቀለችው። የራሷ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ።

ሰማው ሞጣ እንደደረሰ በሊኑክሱ በኩል የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ሶፍትዌር አስነሣ። ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ወጡ፤ መኪና፣ ከበሮ፣ የሰው ጀርባ። ማናለሽ ከቢቸና ስትመጣ ኸይራት ወንበሯን ለቀቀችላት። ሰማው ያገኘው ሙሉ እንዳልሆነ ነገራት። «ያለውን ክፈተው» አለች።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል እጃቸውን ዘርግተዋል። «ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ። ወልደሽ ሳሚ። እንደ እኔ…»

ስክሪኑ ጠቆረ።

«እንደ እኔ ምን?» አለች ማናለሽ።

ወደ ሰማው ዞረች።

«እማዬ ብዙ ወልዳ፣ ሌሎቹ ሞተውባት ያሳደገችው እኔን ብቻ ነው። እንደ እኔ አትሁኚ ነው ያለችኝ? አንተ ፊቷ ቆመህ ነበር እኮ።»

ሰማው ለማስታወስ ሞከረ። ያን ጊዜ ዐይኑ የካሜራው ባትሪ ምልክት ላይ ነበር፤ ቀይ ነበር። ቃሉ ግን የለም።

«አትሁኚ ነው ያሉሽ እንጂ፣ እናት ሌላ ምን ትላለች?» አለች ኸይራት።

«አንቺ አልነበርሽም፣ እህቴ።» ማናለሽ ነጠላዋን ሰብስባ ሆዷን ሸፈነች። «ድገመው።»

ደገመው። «ወልደሽ ሳሚ። እንደ እኔ…»

«ድገመው» አለች።