«ጠሪ አክባሪ ነው» ይሉ የነበሩት ባለጋሪ

አያ ዘውዱ ሞቱ አሉኝ። የትኛው ዘውዱ? ባለጋሪው? ኧረ ሌላ ዘውዱ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ነው የጠየቅኩት። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ናት ደውላ የነገረችኝ። ባጃጄን ዳር አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ ቀረሁ፤ አሁንም ውስጤ አልተቀበለውም።

ዳንግላ ያደጋችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ገበያው መግቢያ ላይ ዳማ ፈረስ የሚያቆሙት፣ ፈረሱን በአዊኛ፣ እኛን በአማርኛ የሚቆጡት ሰውዬ። እኔ ባጃጅ የጀመርኩ ሰሞን ተሳፋሪያቸውን እየነጠቅኩ ዕረፍት ነስቻቸው ነበር። ይጠሉኛል ስል ጭራሽ እንደ ልጃቸው ያዙኝ።

«ጠሪ አክባሪ ነው» የምትል ነገር ነበረቻቸው። ሠርግ ቢጠሯቸው፣ ተዝካር ቢጠሯቸው፣ ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ጆንያ ይዛ ብትጣራ፣ ይህችኑ ቃል ብለው ይነሳሉ።

እሑድ እሑድ እኔ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ አልጠፋም። ልሳለም ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ተሳፋሪ ጥበቃ ነው። በሩን ስሜ፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ሞተር አስነሳለሁ። እሳቸው ግን ፈረሱን ባሕር ዛፍ ላይ አስረው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ይቆርባሉ። ሁልጊዜ ያዩኝ ኖሯል። አንድ ሰኞ ገበያው ጋ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«አባትህ ምሳ አቅርቦ ሲጠራህ፣ በር ላይ ሆነህ ደህና ዋሉ ብለህ ትመለሳለህ? ጠሪ አክባሪ ነው ልጄ። እሱ እኮ የፈለገው አንተኑ ነው።»

ሳቅኩ። ቁርባን የሽማግሌና የሕፃን ነው አልኳቸው። መቼም እኛ አገር የምናስበው እንደዚያ ነው። ያኔ የራሳቸውን አወሩኝ። ከወንድማቸው ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ስንት ዓመት እንደኔው በር ስመው ሲመለሱ ኖረዋል። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። ከባለቤታቸው ጋር የቆረቡ ዕለት፣ ደስታው አላስችል ብሏቸው የፈረሱን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

የኔ ችግር ሌላ ነበር። የንስሐ አባቴ የእናቴም የንስሐ አባት ናቸው። ወር በገባ በማርያም ቤታችን መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ እናቴ የማታውቀው ጥፋት አለብኝ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ብቻ እሱን ለእኚህ ሰው ተናግሬ፣ በወሩ እቤታችን ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ? ሚስጥር እንደማያወጡ አውቃለሁ። ቢሆንም አፈርኩ።

አያ ዘውዱ ይህን ስነግራቸው አላሾፉብኝም። እኚሁኑ የንስሐ አባቴን አነጋግረው ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ቀጠሮ ያዙልኝ። እኔስ? ኮንትራት አግኝቻለሁ ብዬ እንጅባራ ሄድኩ። የምን ኮንትራት፣ ባዶ ባጃጅ ነበር የምነዳው። ሁለቱ ጠብቀው ጠብቀው ተመለሱ።

ሰኞ ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ቄሱ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን አላነሱብኝም። የገደለኝም ይኸው ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ እልህ እይዝ ነበር።

አያ ዘውዱ፣

ባለፈው ሐሙስ ንስሐ አባቴ ጋ ሄጃለሁ። ብቻዬን። አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ተናገርኩ። ቄሱ እጄን ይዘው «ስጠብቅህ ነበር ልጄ» አሉኝ። ጾምና ስግደት ሰጥተውኛል፤ ስጨርስ እቆርባለሁ። እናቴ ራሷ ገና አልሰማችም። ከሰው ሁሉ በፊት ለእርስዎ ልነግር ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ጋ መጥቼ ጋሪዎን አጣሁት። ጉንፋን ይዟቸው ቤት ተኝተዋል አሉኝ። በዚያው መምጣት ስችል ተሳፋሪ በዛብኝና ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ይኸው ዛሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ደህና ይሂዱ አባቴ። እኔ ልነግርዎት የነበረውን፣ አክብሮ የጠራዎት እሱ ራሱ ይንገርዎት።