በምርቃቱ መሃል የቆመው ቪዲዮ

ስልኬ ላይ ቪዲዮ ቆሞ ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ስትጀምር፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ እንጂ መዳፌን ወደ ላይ መዘርጋት ያምረኛል። ነገሩ የመጣው ከአክስቴ ከሂሩት ሰርግ ነው።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው። ሰርጉ አዲስ አበባ ሲደገስ እናቴ ከሥራ ፈቃድ አጥታ ቀረች። የአክስቴ ጓደኛ ግን በኢንተርኔት በቀጥታ አሳያችኋለሁ አለ። በእነሱ ምሽት፣ በእኛ ጠዋት፣ እናቴ ፀጉሬን ቅባት ቀብታ፣ የሀገር ልብስ አልብሳ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጠችኝ። እኔን ሙሽራዋ አላጓጓችኝም። አያቴ ሲመርቁ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ደግሞ በአካል አይተውኝ አያውቁም። ስሜን ያውቁት ይሆን? ልቤ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነበር።

ቪዲዮው ግን ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ለምን ይቆማል፣ ያልታየው የት ሄደ እያልኩ ወንድሜን ናሆምን አደረቅኩት።

«በፈር እያደረገ ነው» አለኝ። «ሶ፣ ፊት የሚመጣውን ትንሽ ትንሽ ሴቭ ያደርጋል፣ ከዛ ያሳየናል። ኢንተርኔቱ ስሎው ከሆነ ሴቭ ያደረገው ያልቅበታል።»

እናቴ ቶሎ ገባት። «ውሃ ሲመጣ በርሜል እንደ መሙላት ነዋ! በርሜሉ ካለቀ ቧንቧው እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

ላፕቶፑን ገልብጬ በርሜሉን ልፈልግ ምንም አልቀረኝ።

አያቴ ሊመርቁ ተነሱ። እኛም ሳሎናችን ውስጥ ተነስተን መዳፋችንን ዘረጋን። «ልጄን አልማዝን ይባርክልኝ!» አልማዝ እናቴ ናት፤ አሜን አልን። «ናሆምን ይባርክልኝ!» አሜን። ከዚያ አያቴ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ፣ ክቧ መዞር ጀመረች። ምርቃት ሳያልቅ እጅ አይታጠፍምና እንደዘረጋን ቆምን። ክንዴ ዛለ። በመጨረሻ ናሆም አላስችል ብሎት ሪፍሬሽ አደረገው። ቪዲዮው መሃሉን ዘሎ አሁን ወዳለበት ሄደ፤ አያቴ ተቀምጠዋል፣ ሰዉ ይጨፍራል።

«ስሜን አልጠሩትም!» ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ እጇን ገና አላጠፈችም። «ጠርተውታል። እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ። በይ፣ አሜን በይ።»

አኩርፌ አሜን ሳልል ቀረሁ።

ዛሬ ክቧ እምብዛም አትታይም፤ ባቡር ላይ ሆኜ እንኳ ሙሉ ፊልም ሳይቆም አያለሁ። አያቴም ካረፉ ቆዩ። በቅርቡ አክስቴ የዚያን ቀን ቪዲዮ ሙሉ ቅጂ አግኝታ ላከችልኝና ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ከፈትኩት። ከናሆም ቀጥሎ አያቴ ዝም አሉ። ክቧን ፈለግኩ፤ የለችም። ዝም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ወደ ሙሽራዋ ጎንበስ ብለው፣ «ያቺ ትንሿ… ማን ነበር ስሟ?» አሉ። አክስቴ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ቀና አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ፌቨንን! ፌቨንዬን ይባርክልኝ!» አሉ።

ባቡሩ በሰው ተሞልቷል። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መዳፌን ዘረጋሁና አሜን አልኩ።