ግጭቱ ላይ ቆም ይሉ የነበሩት ጋሼ

ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼ የምላቸውን፣ ባለፈው ወር መካ ቀበርናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በጅዳ ወደብ ለረጅም ዘመን በመሐንዲስነት አገልግለዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስታውሳቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር ካለው ቤታችን መጥተው የልጅ ልጄን ፊዚክስ ሲያስጠኗት ነው።

የትምህርት ሳምንቱ በሚጀምርበት እሁድ የሚሰጠው ፈተናዋ፣ ኢምቲሃኑ፣ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ አስቸገራት። ሳጥን ሰበቃ ከሌለው ለስላሳ ተዳፋት ተንሸራትቶ ይወርድና ታች ከቆመ ሌላ ሳጥን ጋር ይላተማል፤ ከዚያም ሁለቱ ተጣብቀው የማዶውን ተዳፋት ይወጣሉ። ምን ያህል ከፍታ ይደርሳሉ? ልጅቱ የመጀመሪያውን ሳጥን ኢነርጂ እንዳለ ወደ ማዶ አሻግራ ቸኩላ ጨረሰች።

«ቆዪ የኔ ልጅ፤ ግጭቱን እኮ ዘለልሽው» አሏት።

«አባባ፣ ኢምቲሃኑ እሁድ ነው! ያላ፣ መልሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«መልሱንማ አስተማሪሽም ያውቀዋል። አሁን ብዕርሽን አስቀምጪ። ሲላተሙ ከኢነርጂው ከፊሉ ይባክናል፤ ሳይጎድል የሚያልፈው ሞመንተሙ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ እንደ አዲስ ይጀመራል።»

እሁድ ከፈተናው ስትወጣ ከእናቷ አስቀድማ የደወለችው ለእርሳቸው ነበር። ዛሬ ምሕንድስና ትማራለች። ስለዚህም ምስጋናዬ ከሐዘኔ ይበልጣል።

ባለፈው ዓርብ ታናሽ እኅቷ ያንኑ ምዕራፍ ይዛ ወደ እኔ መጣች። በመካከላችን ያለው የእርሳቸው ወንበር ባዶ ነበርና «ቆዩ» የሚለን አልተገኘም። ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ፈጥነን ጨረስን፤ ተሳሳትንም።