ለምዶበት የሸኘው ባቡር

ቬላዩዳም በደቡብ ሕንድ፣ ከማዱራይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሐዲድ ማቋረጫ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በር እየዘጋ፣ አረንጓዴ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር ሲያሳልፍ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሦስት የልጅነት ጓደኞቹ «ስትሸኘው የኖርከውን አንድ ቀን እንኳ ተሳፈርበት እንጂ!» አሉና ባሕር ሊያሳዩት ወደ ካንያኩማሪ ይዘውት ተነሡ።

ቲሩነልቬሊ ጣቢያ ሲደርሱ ከጓደኞቹ አንዱ፣ ፖኑሳሚ፣ ራበኝ አለ። ቬላዩዳም ወርዶ፣ ከምስር የተጠበሰ ትኩስ ቫዳ በጋዜጣ አስጠቅልሎ ሲመለስ ባቡሩ ጮኸ። ይሄኔ ባለበት ቀጥ አለ። ቫዳውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ከትከሻው ላይ አረንጓዴ ፎጣውን አውርዶ ያውለበልብ ጀመር።

«ኧረ አንተ ሰውዬ ግባ!» አለ ፖኑሳሚ በመስኮት ብቅ ብሎ። «ምን ነካህ?»

ቬላዩዳም የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ንቅንቅ አላለም፤ የሥራው ደንብ እንደዚያ ነበር። የደነገጠው ከዚያ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ባቡር ከካንያኩማሪ በፊት ያለው ናጋርኮይል ጣቢያ ሲደርስ ሦስቱም ወርደው ይጠብቁት ነበር።

«ቫዳውስ?» አለ ፖኑሳሚ ኮስተር ብሎ።

«በላሁታ። ስደነግጥ ይርበኛል።»

ፖኑሳሚ ዳግም ከባቡር እንዳይቀር ብሎ የቬላዩዳምን ሽርጥ ጫፍ ከራሱ ሽርጥ ጋር ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ካንያኩማሪ ደርሰው ቢታገሉት ቋጠሮው አልፈታ አለ። ቬላዩዳም ማዕበሉን ሲያይ እንደ ሕፃን እየሮጠ ገባ፤ ውሃ የሚፈራው ፖኑሳሚም እየተራገመ ተከተለው።