ያልገጠመች አጥንት

ገዳሪፍ ውስጥ አንገት በማስጮህ የታወቅሁ ነበርኩ። ጸጉር አስተካካይ በየመንገዱ ሞልቷል፤ እኔን የሚለየኝ ማሳረጊያው ነው። ደንበኛዬን ላጭቼ ስጨርስ አገጩን በአንድ እጄ፣ ማጅራቱን በሌላው እይዝና አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ ቀና አድርጌ ቋ ሳደርገው ድምፁ አጠገቤ ያለው ሱዳናዊ ጨርቅ ነጋዴ ጋ ይሰማል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ «ያ ሰላም» ይላል። እኔም ደረቴ ይነፋል። ማንም አላስተማረኝም። መተማ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ጸጉር አስተካካይ ሲያደርገው አይቼ የያዝኩት ነው። የአንዱ ሰው አንገት ከሌላው ሊለይ ይችላል ብሎ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከደንበኞቼ አንዱ ሰሊጥ ገበያው ውስጥ ጆንያ የሚሸከም የአርማጭሆ ሰው ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን። ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ድንበሩን ሲሻገሩ ማተባቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ እሱ ግን ጥቁር ክሩን ካንገቱ አላወለቀም። ማጅራቱን ስላጭ ማተቡን በጣቴ ከፍ አድርጌ እይዛትና ከሥሯ እላጫለሁ።

«ጋሼ፣ እንዳይቆርጧት» ይለኛል ሁልጊዜ።

«ብቆርጣትስ፣ እዚህ ማን ይፈርድልሃል?» እለዋለሁ። ይስቃል። እወደው ነበር፤ ዛሬም ሳልሸሽግ እናገረዋለሁ።

መኸር ገብቶ ገበያው በሰሊጥ በተጨናነቀበት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከእሱ ጋር አንድ የአገሩ ሰው ነበር፤ አብሮት የሚሸከም፣ ከተሻገረ ገና ሦስት ወር የሆነው። ላጭቼው ስጨርስ፣

«ዛሬ አንገቴን ጠበቅ ያድርጉልኝ» አለኝ። «ቀና ስል እጄን ውርር ያደርገኛል።»

«ኩንታል ሙሉ ሰሊጥ ማጅራትህ ላይ እየጫንክ ምን እንዲያደርግህ ኖሯል?» ብዬ ቀለድኩበት። ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ወደ ግራ አዞርኩት። ከዚያ ወደ ኋላ ቀና አደረግሁት፤ ጠበቅ አድርግ ስላለኝም ከሌላው ቀን የበለጠ ገፋሁት።

የለመድኩት ድምፅ አልመጣም። እጆቹ ብቻ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ወደቁ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እጆቼ የሉም።»

ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጓደኛውና ጨርቅ ነጋዴው ተጋግዘው ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንላት ላይ ጫኑት። ጓደኛው ራሱን ጭኑ ላይ አስደግፎ «ይግቡ እንጂ» አለኝ። እኔም «ሱቁን ዘግቼ እከተላችኋለሁ» አልኩ።

ዘጋሁ። የዘጋሁት ግን ከውስጥ ነው። የሰው አንገት ሰብሬ ከሐኪም ፊት፣ ከፖሊስ ፊት መቆም ፈራሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ረክሻዋ ቶሎ አልሄደችም። ሞተሯ ደጄ ላይ ሲንደቀደቅ እሰማለሁ። ምን ያስቆማቸዋል እያልኩ በልቤ እቆጣ ነበር። በመጨረሻ ድምፁ ራቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓደኛው እያለቀሰ ተመለሰ። በሩን ስከፍትለት ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን አሉ?»

«ሐኪሟ የአንገቱን ፎቶ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ‹ፋትሓ› አለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።»

ሱዳን የኖረ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መዳፉን ዘርግቶ «አልፋትሓ» ይላል፣ ሐዘንተኛውም መዳፉን ይዘረጋል፣ የቁርኣኑ መክፈቻ ለሟቹ ይቀራለታል። ጨርቅ ነጋዴው ለቅሶውን ሰምቶ መጣና ምንም ሳይጠይቅ ሁለት መዳፉን ዘረጋልኝ። እኔም ዘረጋሁ። ቀጥሎ ያለው ሰዓት ሠሪ መጣ፣ ዘረጋ። ስንቱ ጎረቤት እንደመጣ አላውቅም፤ እነዚያን የሰው አንገት የሰበሩ እጆቼን እየዘረጋሁ ሁሉንም ተቀበልኩ። ለክርስቲያን ፋትሓ የምታስቀራ ሐኪም የት አለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ከዚያ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ቢያንስ ሬሳው የአገሩ ሰው አጠገቡ ሳይኖር ማደር የለበትም አልኩ። ጓደኛውን አስነሥቼ ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሙሉ የሟቹን እናት ነበር የማስበው፤ ስለ እሷ ሲያወራ «እማዬ ገዳሪፍን አዲስ አበባ የሚያህል ይመስላታል» ይለኝ ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛውን ሬሳ ክፍሉ የት ነው አልኩት። በእጁ አመለከተኝ። በኮሪደሩ እያለፍን ሳለ ከአንድ የተከፈተ በር፣

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። አንገቱ በካርቶንና በጥጥ ተጠቅልሏል። በገዛ እጁ ዳቦ ይዞ እያላመጠ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ከዚያ ዞሬ ጓደኛውን ስድብ አወረድኩበት፣ እሱም «የሰማሁትን ነው የነገርኩዎት» እያለ እንደገና አለቀሰ።

ጫጫታውን ሰምታ ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ነጭ ጥርሓ ተከናንባለች። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።

«እኔ ያልኩት ፈትሓ ነው» አለች በዐረብኛ። «ክፍተት።»

አንዲት ፊደል ናት። ፈ እና ፋ። ሦስት ወር የዐረብኛ ዕድሜ ያለው ሰው ክፍተቱን ቀብር አድርጎት መጣ።

ፎቶውን ወደ አምፖሉ ይዛ አሳየችኝ። ራስ ቅላችንን የምትሸከመው የአንገት የመጀመሪያዋ አጥንት ቀለበት ናት አለች። አንዳንድ ሰው ላይ ቀለበቷ በስተኋላ ሳትገጥም ትቀራለች። «ኺልጋ ነው» አለች፤ ሲፈጠር ጀምሮ ማለቷ ነው። ብዙዎቹ ሳያውቁት አርጅተው ይሞታሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምሰማው።

«አልተሰበረም ማለት ነው?»

«የተሰበረ አጥንት ጫፉ ሹል ነው። ይህን እየው፣ እንደ ወንዝ ጠጠር ድቡልቡል ነው። አልሰበርከውም።»

«እንግዲያ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ምንኛ እንደቀለለኝ አልነግራችሁም።

ሐኪሟ ፎቶውን አወረደችው። «እሱ ላይ ደግሞ ክፍተቱ መሐል ብቻዋን የቀረች ቁራጭ አጥንት ያለች ይመስለኛል። ራሱን ወደ ኋላ ሲያቀና ወደ ውስጥ ትገባና ኅብለ ሰረሰሩን ትነካዋለች። ቀና ሲል እጁን ውርር ያደርገው እንደነበር ነግሮኛል። ላንተ አልነገረህም?»

ዓይኔን ወደ አልጋው መለስኩ።

«አጥንቱን አልሰበርክም» አለች። «እጆቹን ግን ልትወስድበት ነበር። የማንን አንገት እንደያዝክ በእጅህ አታውቅም። እኔም ያለ ፎቶ አላውቅም፤ ለዚህ ነው የማልጠመዝዘው።»

በኋላ ኻርቱም ልካው በትልቁ ማሽን ፎቶ ተነሣ፤ እንደገመተችው ሆኖ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ ሸክም እንዳይጭን፣ አንጋጦ የሚሠራ ሥራ እንዳይዝ ተነገረው። እዚያው ሰሊጥ ገበያ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ የጆንያ አፍ በወስፌ ይሰፋ ጀመር። ብርቱ ተሸካሚ ነበርና እንዲያ ቁጭ ብሎ መዋሉ ከብዶታል። በዚያ ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ እሱም «አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ» እያለ በኔው አፍ ይመልስልኛል። አጠገቡ ግን አልቀመጥም ነበር።

አንገት ማስጮህ ተውኩ። ደንበኞቼ አኮረፉ። «ጢሙን ላጭተህ ዋናውን አስቀረህ» እያሉ ወደ ሌላ ወንበር የሄዱ አሉ። አጥብቆ የለመነኝን «ቀና ስትል እጅህን ውርር ያደርግሃል?» እለዋለሁ። የለም ቢለኝም አልነካውም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጧት ያ የአርማጭሆ ሰው ሱቄ መጣ። ከዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን አደረግሁለት፣ አረፋውን ቀባሁት። መስታወቱ ውስጥ እጄን ያያል።

«ጋሼ» አለ፣ «ያን ቀን ሱቁን ዘግተው ይመጣሉ ብዬ ባለ ረክሻውን ‹ሽዋያ፣ ሽዋያ› እያልኩ አስቁሜው ነበር። ጥቂት ይጠብቅዎ ብዬ።»

የሞተሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ያ ሁሉ ጊዜ ደጄ ላይ ሲንደቀደቅ እጆቹ በድን ሆነው እኔን ሲጠብቅ ነበር።

«ውስጥ ነበርኩ» አልኩት። «ፈርቼ።»

«አውቃለሁ» አለ። «በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰምቻለሁ።»

ምላጩን ይዤ ቆምኩ። እሱም ጥቂት ጠበቀኝና ማጅራቱን እንድላጨው አንገቱን ጎንበስ አደረገልኝ። ማተቡን በጣቴ ከፍ አድርጌ ያዝኳት።